በሩ መጀመሪያ፣ ቁልፉ በኋላ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። የማወራው ስለ ሌቭል ዲዛይን ልምምድ ነው። ተጫዋቹ የሚሮጥበትን፣ የሚዘልበትን፣ መንገድ የሚጠፋበትን ቦታ መሥራት እንዴት ይለመዳል? እሱን ነው።

ብዙ ጀማሪ ከትልቁ ነው የሚነሳው። ኢንጅኑን፣ ማለትም ጌም መሥሪያ ሶፍትዌሩን፣ ይከፍታል። ተራራ ይቀርጻል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ፀሐይዋን ያስተካክላል። ሳምንታት ያልፋሉ። ከዚያ ጓደኛው ኮንትሮለሩን ተቀብሎ "እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ?" ሲለው መልስ የለውም። መሮጥ ይቻላል፣ በቃ። እኔ ይሄን ሌቭል አልለውም። ሥዕል ነው። ቆንጆ ሥዕል ሊሆን ይችላል፤ ግን ሠሪው ተጫዋቹ ምን እያሰበ እንደሆነ አንዴም አልጠየቀም።

ለእኔ ጥሩ ልምምድ ማለት ከእጃችሁ የሆነ ነገር የሚወስድ ነው። መልሱም እናንተ ጋ ሳይሆን ሌላ ሰው ሲጫወት የሚታይ መሆን አለበት።

በጣም ከምወደው ልጀምር። አንድ ስክሪን ብቻ ሥሩ። ዝላይን አስተምሩበት። ጽሑፍ ክልክል ነው። ቀስት ክልክል ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክሩት።

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ጌም፣ የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ፣ የመጀመሪያ ሌቭል እስከ ዛሬ የሚጠናው ለዚህ ነው። የምታንቀሳቅሱት ገጸ ባሕርይ፣ ማሪዮ፣ ስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ተጠግቶ ይቆማል፤ ከፊቱ ባዶ ቦታ አለ። ስለዚህ ወደ ቀኝ ትሄዳላችሁ። ማንም አልነገራችሁም። የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን ያብለጨልጫል፤ ቀጥሎ ፊቱን ያኮሳተረ ትንሽ ፍጡር ወደ እናንተ ይመጣል። ዝም ብትሉ ትሞታላችሁ። ብትሞቱም ገና መጀመሪያው ላይ ስለሆናችሁ የምታጡት ነገር የለም።

የምወዳት ግን እንጉዳይዋ ናት። ከሳጥኑ ትወጣና ወደ ቀኝ ትንሸራተታለች፤ ቧንቧውን ትመታና ወደ እናንተ ትመለሳለች። ጠላት መስላችሁ ልትሸሹ ትችላላችሁ። ከላይ ግን ጡብ አለ፤ ብትዘሉም ጭንቅላታችሁን መትቶ ይመልሳችኋል። ሳትፈልጉ ትነኳታላችሁ። ማሪዮ ያድጋል። ገባችሁ!

እዚህ ላይ ልምምድ ጨምሩበት። ይህን ቦታ ወረቀት ላይ ገልብጡ፤ ከዚያ አንድ ነገር አንሱበት። ቧንቧውን ብቻ አንሱ። ምን ይሆናል? እንጉዳይዋ ወደ ቀኝ ሄዳ ታመልጣለች፤ ትምህርቱም አብሮ ያመልጣል። ቧንቧው እዚያ የቆመው ለጌጥ አልነበረም ማለት ነው። በእኔ እምነት፣ ጥሩ ሌቭል ገልብጦ አንድ ነገር መቀነስ አዲስ ሌቭል ከባዶ ከመፍጠር በላይ ያስተምራል። ቢያንስ መጀመሪያ አካባቢ።

ኮምፒውተር ለሌለው ደግሞ ሶኮባን አለ። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ የእንቆቅልሽ ጌም ነው። ሕጉ አጭር ነው። ሳጥን ትገፋላችሁ፤ መጎተት አይቻልም፤ ሁለት ሳጥን በአንዴ አይገፋም። ሳጥኖቹን ምልክት የተደረገባቸው ቦታዎች ላይ ማድረስ ነው። ካሬ ያለው ደብተርና ጥቂት ጠጠር ይበቃል።

ልምምዱ ይሄውላችሁ፦ በጠባብ ክፍል፣ በሁለት ሳጥን ብቻ እንቆቅልሽ ሥሩ። ከመልሱ ተነሱ። ሳጥኖቹን መድረሻቸው ላይ አስቀምጡና ወደ ኋላ እየጎተታችሁ መነሻቸውን ፈልጉ። እንዲህ ከሠራችሁት መፍትሔ እንዳለው እርግጠኛ ናችሁ። ግን መፈታቱ ብቻ አይበቃም። ዋናው ጥያቄ ተጫዋቹ መጀመሪያ ምን ብሎ ይሳሳታል የሚለው ነው። ሳጥኑን ጥግ ላይ ከገፋው አለቀለት፤ ከዚያ የሚያወጣው የለም። ጥሩ እንቆቅልሽ "በዚህ በኩል ነው" የሚያሰኝ መንገድ አለው፤ ያ መንገድ አይሠራም፤ ለምን እንዳልሠራ ማየት ነው ወደ መልሱ የሚወስደው። ተጫዋቹ የሚሳሳትበትን መንገድ አስባችሁ ካልሠራችሁት፣ የቀረው ዝም ብሎ ሳጥን መግፋት ነው።

ቦታ የሚያጠብባችሁ ልምምድም አለ። ዱም የተባለው የተኩስ ጌም እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ ጀምሮ ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ሌቭል ሲሠሩ ኖረዋል፤ ከጋራ ሥራዎቻቸው አንዳንዱ ሌቭሉ በሙሉ በጌሙ መለኪያ 1024 በ1024 በሆነ ጠባብ ካሬ ውስጥ እንዲያልቅ ያስገድዳል። ሲጠብባችሁ መንገዱን ማጠፍ ትጀምራላችሁ። ቅድም በመስኮት ያየነው ክፍል በኋላ የምንቆምበት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ዳርክ ሶልስ የተባለው ጌም በዚህ የታወቀ ነው፤ ረጅም መንገድ ተዋግታችሁ ከደከማችሁ በኋላ አሳንሰር ያወርዳችሁና ቀድሞ የተነሳችሁበት እሳት አጠገብ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

ስለ ጌም ጃም ጠይቃችሁኝ ነበር። ሉደም ዴርን በመሰሉ በ48 ሰዓት ጌም ተሠርቶ በሚያልቅባቸው ውድድሮች መሳተፍ ደስ ይላል፤ ሥራ መጨረስን ያስለምዳል። ለሌቭል ዲዛይን ግን ያን ያህል አይደለም። ጊዜውን ኮዱ ይበላዋል፤ ሌቭሉ የሚሠራው ሊነጋ ሲል፣ ዓይን እየተጨፈነ ነው። ከፈለጋችሁ ያለቀለት ጌም ውሰዱና ሌቭሉን ብቻ ሥሩ።

አሁን ወደ ከባዱ። ማስሞከር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ተጫዋቹ ራሱ የማሪዮ ሌቭል የሚሠራበት ሱፐር ማሪዮ ሜከር፣ የሠራችሁትን ሌቭል ራሳችሁ ሳትጨርሱት ለሌላው እንድትጭኑት አይፈቅድም ነበር። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። እናንተ መጨረሳችሁ የሚያሳየው እንደሚቻል ብቻ ነው። ድብቁ መድረክ የት እንዳለ እኮ ታውቃላችሁ!

ስለዚህ ሌላ ሰው አስቀምጡና ዝም በሉ። ዝም ማለት ራሱ ልምምድ ነው። ሰውየው በሩን ሦስቴ ያልፈዋል። "ይሄ ነገር ተበላሽቷል መሰለኝ" ይላል። ምላሳችሁን ይበላችኋል። አትናገሩ። ጌሙ ሰው ቤት ሲገባ እናንተ አብራችሁ አትገቡም። የት እንደቆመ፣ የት ወደ ኋላ እንደዞረ፣ የት ሁለቴ እንደሞተ ጻፉ። ለምን እንደሆነ በኋላ ጠይቁት፤ ግን ከሚለው ይልቅ ያደረገውን እመኑ። ሰው ጨዋ ነው፤ "ደስ ይላል" ይላል።

ለሳምንቱ አንድ ልስጣችሁ። አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ፣ ሦስት ክፍል። ግድግዳው ግራጫ ይሁን፤ ቀለምና ጌጥ አይፈቀድም። ሁለት ቅጂ ሥሩ። በአንደኛው ተጫዋቹ ቁልፉን ያገኝና በኋላ በሩ ላይ ይደርስ። በሁለተኛው የተቆለፈውን በር መጀመሪያ ይይ፣ ከዚያ ቁልፉን ያግኝ። ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ስጧቸው፤ ቁልፉን ሲያገኙ ፊታቸውን እዩ። ያያችሁትን በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አንዳንዱን እናዳምጣለን። በሉ ቻው።