ቀድሞ መውጣት፣ እና ያቺ ድመት

እሷ፦ ሰላም ሰላም አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ሰደድ እሳት ነው። በተለይ ቤት ጥሎ ስለመውጣት። መቼ እንውጣ፣ ምን ይዘን እንውጣ፣ በየት በኩል እንውጣ።

እሱ፦ ከቦርሳው እንጀምር ተባብለን ነበር።

እሷ፦ ቦርሳው ይደርሳል። መጀመሪያ የድመቷን ነገር ልናገር።

እሱ፦ (እየሳቀ) ይኸው መጣች!

እሷ፦ አንተ ሰምተኸዋል፣ አድማጮች ግን አልሰሙም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ 9 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የእሳት ማስጠንቀቂያ ነው፣ «ተዘጋጁ» ይላል። «ውጡ» አይልም። በመስኮት አየሁ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከኮረብታው ጀርባ ቀጭን ጭስ ብቻ አለ። «ገና ነው» አልኩና የታጠበ ልብስ ማጠፍ ጀመርኩ።

እሱ፦ ልብስ?

እሷ፦ ልብስ! አጥፌ ጨረስኩ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደርኩ። ቀና ስል ፀሐይዋ ቀልታለች፣ ነፋሱም ዞሯል። በል እንግዲህ አልኩና ድመቷን ላነሣ ሄድኩ። እሷ ደግሞ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ጀርባ ገብታለች።

እሱ፦ ጭሱ ሸቷት ነዋ።

እሷ፦ አዎ፣ እንስሳ ሲፈራ ይደበቃል። እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ሰድጄ እጎረጉራለሁ። ጅራቷን እነካለሁ፣ ትሸሻለች። እንደገና እነካለሁ፣ ትሸሻለች። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ታውቃለህ?

እሱ፦ 40።

እሷ፦ 40 ደቂቃ። 40 ደቂቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ስለ ፓራዳይዝ ሳነብ ነው። ካሊፎርኒያ ያለች ከተማ ናት፣ ወደ 26 ሺህ ሰው ይኖርባት ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018፣ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ከከተማዋ ውጭ እሳት ተነሣ። 2 ሰዓት ሲሆን እሳቱ ከተማዋ ውስጥ ነበር። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ወጣ፣ መንገዱ ተዘጋ። 85 ሰው ሞተ።

እሱ፦ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ።

እሷ፦ አንድ ሰዓት ተኩል። እሱም የሰማ ሰው ካለ ነው። ገና ጸጉሩን የሚያበጥር አለ፣ ገና ያልነቃ አለ።

እሱ፦ ግን እሳቱ ራቅ ብሎ እያለ ሰው ምን አውቆ ይወጣል? ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር አልሽ።

እሷ፦ እሱ ነው ያታለለኝ! እሳቱ ሲመጣ አየዋለሁ ብዬ ነበር። እሳት ግን እንደ ግድግዳ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ነፋሱ ፍንጣሪውን ከፊት ከፊቱ ይልከዋል፣ ኪሎ ሜትሮች ያሻግረዋል። ፍንጣሪው ጣራው ላይ፣ አሸንዳው ውስጥ ያለ ደረቅ ቅጠል ላይ ያርፋል። ዋናው እሳት ገና ሩቅ ሆኖ ቤትህ ሊነድ ይችላል።

እሱ፦ ታዲያ ያኔ ነው እኮ ሰው የሚያስፈልገው! ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ፍንጣሪው ሲወድቅ አንድ ሰው ቱቦ ይዞ ቢቆም ቤቱ ይተርፋል። አንድ ዘመዴ እንደዚያ አድርጎ ቤቱን አድኗል።

እሷ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል። ግን ቅጠሉ የሚያጠፋው ገና ያልተቀጣጠለውን ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ለብዙ ዓመት ምክሩ «ወይ ቀድማችሁ ውጡ፣ ወይ ተዘጋጅታችሁ ቤታችሁን ጠብቁ» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 በቪክቶሪያ ግዛት በሰደድ እሳት 173 ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ ነው ያለቁት። ከዚያ በኋላ በማስጠንቀቂያው ላይ አንድ ከፍተኛ ደረጃ ጨመሩ። ያ ደረጃ በታወጀ ቀን ምክሩ አንድ ብቻ ነው፣ ቀድሞ መውጣት።

እሱ፦ በዚያ ቀን ይሁን። በሌላው ቀን ግን የተዘጋጀ ሰው...

እሷ፦ የተዘጋጀ ማለት ምን ማለት ነው? የራሱ ውሃ፣ በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ፣ ዙሪያውን የተመነጠረ ግቢ፣ የለመደ ጉልበት። የቧንቧው ውሃ ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል። ያንተ ዘመድ ይህ ሁሉ ነበረው?

እሱ፦ ቱቦ ነበረው።

እሷ፦ በቃ።

እሱ፦ ኧረ በቃ አይደለም፣ ሰውዬው እኮ ቤቱን አድኗል! እሺ፣ እንለፈው። አንቺ እንዴት ወጣሽ?

እሷ፦ እሺ። ድመቷን በመጨረሻ በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኳት። ክንዴ በሙሉ ተቧጭሯል። ወደ ጋራዡ ሮጥኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ በሩ ዝም። መብራት ጠፍቷል።

እሱ፦ ኧረ!

እሷ፦ ጨለማ ነው፣ ጭስ ነው፣ ድመቷ ትጮኻለች። በሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው፣ በእጅ እንዴት እንደሚከፈት ደግሞ አንድ ቀን ሞክሬ አላውቅም። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ከሀዲዱ ላይ የሚንጠለጠል ገመድ አለ፣ ቀይ። እሱን ስትስበው በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል፣ ከዚያ በእጅህ ታነሣዋለህ። ከባድ ነው። እኔ የስልኬን መብራት በጥርሴ ይዤ ነው ያነሣሁት።

እሱ፦ ጉልበት የሌለው ሰውስ? አንድ አረጋዊ ቢሆን?

እሷ፦ ልቤን የሚነካኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017ቱ የካሊፎርኒያ እሳት በሩን መክፈት አቅቷቸው የታሰሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው ግዛቲቱ ከ2019 ጀምሮ የሚሸጥ የጋራዥ በር መክፈቻ ሁሉ መጠባበቂያ ባትሪ ይኑረው ብላ ሕግ ያወጣችው። ለዚህ ነው የምለምናችሁ፤ በእሳት ወቅት መኪናውን ውጭ አቁሙት፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሩት፣ ነዳጁ ከግማሽ በታች አይውረድ። ጎረቤታችሁ አረጋዊ ከሆኑም ሄዳችሁ በራቸውን አንኳኩ።

እሱ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ውጡ» ሳይባል ብወጣና እሳቱ ባይመጣስ? ሥራ ቀርቼ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት አስቀርቼ...

እሷ፦ ዘመድ ቤት አድረህ በማግስቱ ትመለሳለህ። ድመቷም ጫማህ ላይ ትተኛለች።

እሱ፦ ሁልጊዜ ግን አይቻልም። በወቅቱ ስንት ማስጠንቀቂያ ይመጣል! ሰው ይሰለቻል።

እሷ፦ ይሰለቻል፣ እውነትህን ነው። ግን ልጅ ያለው፣ ነፍሰ ጡር ያለችበት፣ አስም ያለበት፣ እንስሳ ያለው፣ መውጫ መንገዱ አንድ ብቻ የሆነበት፣ እነዚህ «ተዘጋጁ» ሲባል ይውጡ። ትእዛዙን አይጠብቁ።

እሱ፦ ሌላው ይጠብቅ ነው የምትዪው?

እሷ፦ ሌላውም ባይጠብቅ ደስ ይለኛል።

እሱ፦ (እየሳቀ) አውቄዋለሁ።

እሷ፦ ምክንያቱም ዘግይቶ መውጣት ከሁሉ የከፋው ነው። ፖርቱጋል፣ ፔድሮጋዎ ግራንዴ፣ ጁን 2017፣ 66 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ ነው ያለቁት፣ ከእሳቱ ሲሸሹ። ግሪክ ውስጥ ማቲ፣ ጁላይ 2018፣ ከመቶ በላይ ሰው። ባሕሩ ጥቂት ሜትር ሲቀራቸው ተቃቅፈው የሞቱ አሉ።

እሱ፦ ተቃቅፈው...

እሷ፦ አዎ። ይህን ሳነብ ድመቷን ታቅፌ ነበር። በሌላ በኩል ፎርት ማክመሪን ተመልከት፣ ካናዳ፣ ሜይ 2016። ከ80 ሺህ በላይ ሰው ከተማውን ጥሎ ወጣ። እሳቱ ራሱ ማንንም አልገደለም። በመውጫው መንገድ ላይ ግን በመኪና አደጋ ሁለት ወጣቶች ሞቱ። ስለዚህ ስትወጡም ረጋ ብላችሁ። መስኮት ዘግታችሁ፣ የመኪናውን አየር ከውስጥ እንዲዞር አድርጋችሁ፣ የፊት መብራት አብርታችሁ። ቁልቁል የሚወስድ መንገድ ካለ ሽቅብ አትውጡ። እሳት ዳገት ይወዳል፣ ዳገቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል።

እሱ፦ መኪና ውስጥ እያለን እሳቱ ቢደርስብንስ?

እሷ፦ ወርዳችሁ አትሩጡ። ሣርና ዛፍ የሌለበት ቦታ አቁሙ፣ ከመስኮቱ ዝቅ ብላችሁ ተኙ፣ የሱፍ ብርድ ልብስ ልበሱ። የሚገድለው ነበልባሉ ብቻ አይደለም፣ ወላፈኑ ነው። ለዚህ ነው ሱፉ መኪናው ውስጥ መኖር ያለበት።

እሱ፦ ሰዓታችን እያለቀ ነው፣ ቦርሳው!

እሷ፦ ቦርሳው! ከሁሉ በፊት መድኃኒት። የየቀን መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሳምንቱን ይያዝ። መነጽር፣ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ፣ ቻርጀር፣ ውሃ፣ የጭስ ማስክ። ፎቶዎቹን ዛሬ ቁጭ ብላችሁ በስልክ አንሡና ለዘመድ ላኩ። ስትወጡ የጥጥ ወይም የሱፍ ልብስ ይሁን፣ እጅጌው ረጅም። ናይለን ገላ ላይ ይቀልጣል።

እሱ፦ በሩስ ይቆለፍ?

እሷ፦ መስኮትም በርም ይዘጋ። ጋዝ ይጥፋ። መብራት ግን አብርታችሁ ተዉ፣ እሳት አጥፊዎቹ ቤቱን በጭስ ውስጥ እንዲያዩት።

እሱ፦ አሁን ድመቷስ? አድማጮች ሳይጠይቁኝ ልጠይቅሽ።

እሷ፦ የድመት ማጓጓዣዋን ወቅቱን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ከፍቼ አስቀምጬዋለሁ። ውስጡ የኔን አሮጌ ሹራብ አነጠፍኩላት። አሁን የምትተኛው እዚያ ነው። ስልኬ የጮኸ ቀን በሯን መዝጋት ብቻ ነው።

እሱ፦ እኔ ያንን ቀይ ገመድ ዛሬ ማታ እስበዋለሁ። እውነቴን ነው፣ ነክቼው አላውቅም።

እሷ፦ ነገ ቀን ሳበው፣ ብርሃን እያለ። ሚስትህም ትሳበው።