ሁለቱ ካርድ ሠሪዎች ሲፎካከሩ ገዢው ምን አገኘ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደረሱን ጥሪዎች በአብዛኛው በኮምፒውተር ጌም ለሚጫወቱ ሰዎች የግራፊክስ ካርድ (የስክሪኑን ምስል የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል) በሚሠሩት በኤንቪዲያና በኤኤምዲ መካከል ስላለው ፉክክር የተነሡ ናቸው። ከጥያቄዎቹ አምስቱን መርጬ እንደሚከተለው መልሻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ዋጋዎቹም ካርዶቹ ለገበያ ሲቀርቡ አምራቾቹ ይፋ ያደረጓቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ «ሁለት ነጋዴዎች ጎን ለጎን ሱቅ ሲከፍቱ ዋጋ ይወርዳል። ታዲያ ሁለት ድርጅቶች እየተፎካከሩ የግራፊክስ ካርድ ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት የሚጨምረው ለምንድን ነው?»

መልስ፦ የነገሩን ሥር የሚነካ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስዎ። ፉክክር ዋጋ የሚያወርደው ሁለቱም ወገኖች አንዱን ገዢ ለማግኘት ሲሻሙ ነው። ይህ በግልጽ የታየበት ጊዜ ነበር። በጁን 2008 ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 280 የተባለውን ካርድ በ649 ዶላር፣ ታናሹን ጂቲኤክስ 260ን ደግሞ በ399 ዶላር አቀረበ። በዚያው ወር ኤኤምዲ ከ260ው ጋር የሚስተካከል፣ በብዙ ጌሞችም የሚበልጠውን ራዲዮን ኤችዲ 4870 በ299 ዶላር ይዞ ብቅ አለ። ኤንቪዲያ ጥቂት ሳምንታት እንኳ መቆየት አልቻለም፤ ትልቁን ካርድ ወደ 499፣ ታናሹን ወደ 299 ዶላር አወረደ። ጥቅሙን ያገኘው ገዢው ነበር።

ያ ጉልበት ዛሬ ላልቷል። በ1990ዎቹ ብዙ ካርድ ሠሪዎች ነበሩ፤ ከሁሉ ቀድሞ ስሙ የገነነው ስሪዲኤፍኤክስ በ2000 መጨረሻ ሀብቱን ለኤንቪዲያ ሸጦ ከገበያ ወጣ፤ የካናዳውን ኤቲአይ ደግሞ ኤኤምዲ በ2006 በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ኢንቴል በ2022 አርክ በተባሉት ካርዶቹ ሦስተኛ ሆኖ ቢገባም ድርሻው ገና ትንሽ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን የጌም ተጫዋቹ ለአምራቾቹ ያለው ክብደት መቀነሱ ነው። ኤንቪዲያ በጃንዋሪ 2025 ባበቃው የበጀት ዓመት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ከሚያሠሩት ዳታ ማዕከላት (ትልልቅ የኮምፒውተር ማደሪያዎች) 115 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገባ፣ ከጌም ያገኘው 11 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ሁለቱም ድርጅቶች ቺፖቻቸውን የሚያሠሩት ታይዋን በሚገኘው ቲኤስኤምሲ ነውና፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚውለው ቺፕ እጅግ የላቀ ትርፍ እያስገኘ የጌም ካርድ በርካሽ እንዲያመርቱ የሚያስገድዳቸው ነገር አናሳ ነው።

በላይኛው ደረጃ ደግሞ ፉክክር የለም ማለት ይቻላል። በ2025 ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090ን በ1,999 ዶላር ሲያወጣ ኤኤምዲ በዚያ ደረጃ የሚገዳደረው ካርድ አላቀረበም፤ ትኩረቱን መካከለኛው ገበያ ላይ አድርጎ አርኤክስ 9070 ኤክስቲን በ599 ዶላር አወጣ፤ የቅርብ ተቀናቃኙ አርቲኤክስ 5070 ቲአይ ደግሞ 749 ዶላር ተተምኖ ነበር። ፉክክሩ እዚህ ላይ ሕይወት አለው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ካርዶች ሱቅ ሲደርሱ ለወራት ከተተመነላቸው በላይ ሲሸጡ ስለነበር፣ ማስታወቂያ ላይ ያለውን ዋጋ ሳይሆን በዕለቱ ሱቁ የሚጠይቀውን ይዘው እንዲያነጻጽሩ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደወለ ወጣት፦ «አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ በ300 ዶላር አካባቢ ካርድ ልልክለት ነው። ኮምፒውተሩ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የትኛውን ልግዛ?»

መልስ፦ ከስሙ በፊት የካርዱን ሜሞሪ ተመልከት። ስምንት ጊጋባይት ያለው ካርድ አዳዲስ ጌሞችን ከፍ ባለ ጥራት ሲያጫውት ሜሞሪው ይሞላል፤ ያን ጊዜ የግድግዳው ድንጋይና የገጸ ባሕርዩ ልብስ በጭቃ እንደተለሰነ ይደበዝዛል፣ አለዚያም ምስሉ በየመሐሉ ይንገጫገጫል። ቺፑ ጉልበት እያለው ቦታ አጥቶ ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱንም ድርጅቶች እወቅሳለሁ። ኤኤምዲ አርኤክስ 9060 ኤክስቲን ባለ ስምንቱን በ299፣ ባለ 16ቱን በ349 ዶላር አወጣ፤ ኤንቪዲያም አርቲኤክስ 5060 ቲአይን ባለ ስምንቱን በ379፣ ባለ 16ቱን በ429 ዶላር አወጣ። በየድርጅቱ የሁለቱ ካርዶች ስም አንድ ነው፤ ሣጥኑ ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፎ ልዩነቱን የሚነግርህ የሜሞሪው ቁጥር ብቻ ነው። ገንዘቡን ቆጥቦ የሚገዛ ሰው በዚህ ሊሳሳት አይገባውም ነበር። ስለዚህ 50 ዶላር መጨመር ከቻልህ ምርጫዬ ባለ 16 ጊጋባይቱ 9060 ኤክስቲ ነው።

ለወንድምህ ይህን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5060ንና 5060 ቲአይን ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ሰሌዳ) ጋር ያገናኛቸው በስምንት የመረጃ መስመሮች ብቻ ሲሆን 9060 ኤክስቲ ግን አሥራ ስድስት አለው። በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ የካርድ መሰኪያው ፒሲአይኢ 3 የተባለው የቆየ ትውልድ በሆነ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ግን፣ በተለይ ሜሞሪው ሲሞላ፣ ባለ ስምንት መስመሩ ካርድ ይጎዳል። በ249 ዶላር የወጣው የኢንቴል አርክ ቢ580 12 ጊጋባይት ስላለው ያጓጓል፤ ነገር ግን ሪሳይዛብል ባር የተባለው የማዘርቦርድ አገልግሎት ከሌለ አቅሙ በእጅጉ ይወርዳል፣ ከአሮጌ ፕሮሰሰር ጋርም ጥሩ አይሠራም።

ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ወንድምህ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ከፍቶ ፓወር ሰፕላዩ (ኃይል የሚሰጠው ሣጥን) ላይ የተለጠፈውን ወረቀትና ከእሱ የሚወጡትን ገመዶች በስልኩ ፎቶ ያንሣልህ። ስንት ዋት እንደሆነ፣ ስምንት ቀዳዳ ያለው የካርድ መሰኪያ ገመድ እንዳለው ከዚያ ታያለህ። ካርዱ ከሚሰካበት ከኋላው ግድግዳ እስከ ፊተኛው ፋን ድረስ ያለውንም ርቀት በሜትር ይለካልህ። ውቅያኖስ ተሻግሮ የሄደ ካርድ ሣጥኑ ውስጥ አልገባ ቢል መመለሱ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ከደሴ የደወለች አድማጭ፦ «ዲኤልኤስኤስና ኤፍኤስአር የሚባሉት ነገሮች እውነተኛ ፍጥነት ናቸው ወይስ ማስታወቂያ?»

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተቀላቅለው ይሸጣሉ። የመጀመሪያው ምስሉን በአነስተኛ ጥራት ሠርቶ ካርዱ እንዲያሳድገው ማድረግ ነው፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም አለው። ኤንቪዲያ ዲኤልኤስኤስን በ2018 ጀምሮ ለዓመታት መርቷል፤ ኤኤምዲም በ2025 ባወጣው ኤፍኤስአር 4 በጥራት ተጠግቶታል። ሁለተኛው በሁለት እውነተኛ ምስሎች መካከል ካርዱ ራሱ የፈጠራቸውን ምስሎች ማስገባት ነው። ይህኛው እንቅስቃሴውን ለዓይን ያለሰልሳል እንጂ ቁልፍ ተጭነሽ ጌሙ ምላሽ እስኪሰጥሽ ያለውን ጊዜ አያሳጥርም። የኤንቪዲያ ኃላፊ ጄንሰን ህዋንግ በጃንዋሪ 2025 የ549 ዶላሩ አርቲኤክስ 5070 የ1,599 ዶላሩን የ4090 አቅም ይሰጣል ብለው ነበር፤ ንጽጽሩ የቆመው በእነዚህ በተፈጠሩ ምስሎች ላይ ነው። ያለ እነሱ ሲለካ 5070 ከ4090 በብዙ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ከነታንያ፣ እስራኤል የደወሉ እናት፦ «ልጄ ከጌም ሌላ ስሪዲ ሥራ ስለሚማር ኤንቪዲያ ካልሆነ አይሆንም ይለኛል። እውነቱን ነው?»

መልስ፦ በከፊል ልክ ነው፣ እናቴ። ኤንቪዲያ ከ2007 ጀምሮ ፕሮግራሞች የካርዱን ጉልበት ለስሌት እንዲጠቀሙ የሚያስችለውን ኩዳ የተባለ ሥርዓት በማስፋፋቱ ብዙ የሙያ ፕሮግራሞች በእሱ ላይ ተመሥርተዋል። ብሌንደርን የመሰሉት የስሪዲ ፕሮግራሞች በኤኤምዲም ይሠራሉ፤ በኤንቪዲያ ግን በአብዛኛው ይፈጥናሉ። የሚማርበትን ፕሮግራም ስም ይጠይቁትና መምህሩን ያማክሩ። ለጌም ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስሙ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም ነበር።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር የደወለ አድማጭ፦ «ያገለገለ ካርድ ልገዛ ነው። ክሪፕቶ ሲያመርት የኖረ እንዳይሆን እሰጋለሁ።»

መልስ፦ ስጋትህ መሠረት አለው። ኢቴሪየም የተባለው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) በሴፕቴምበር 2022 አሠራሩን ሲቀይር እሱን በግራፊክስ ካርድ ማምረቱ አብቅቶ ብዙ ካርዶች ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ፈስሰዋል። ቀንና ሌሊት መሥራቱ ብቻውን ቺፑን ይገድላል ማለት አይደለም፤ ቀድመው የሚደክሙት ፋኖቹና ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት ናቸው። ፋኑን በጣትህ ቀስ ብለህ አሽከርክረው፤ ከተወላገደ ወይም ከተንቋቋ ሊበላሽ ተቃርቧል። የብሎኖቹ ራስ ተፋፍቆ ከሆነ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ለምን እንደተከፈተ ጠይቅ። ከዚያ ከባድ ጌም ለግማሽ ሰዓት ያህል ይከፈትልህ፤ ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ወይም የተቆራረጠ መስመር ከታየ ሜሞሪው ወይም ቺፑ ታሟል። ገዝተህ ስትሰካም ስታቢላይዘር አድርግለት፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ኃይል ካርድ ሊያቃጥል ይችላልና። ሻጩ ግማሽ ሰዓት ለመጠበቅ ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ፈልግ።