ስርዝ ድልዝ የበዛበት ደብተር

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለጡረታ የወጡ የዕድር አባላት ባደረጉት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

ክቡራን የዕድራችን የሥራ አመራር አባላት፣
የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

የዕድራችን ጸሐፊ በጡረታ ዘመን አእምሮን ንቁ አድርጎ ስለማቆየት እንድናገር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የመለስኩላቸው «ለዚህስ ሐኪም ቢጠራ ይሻላል» ብዬ ነበር። እኔ ሒሳብ ሹም ነኝ፤ 36 ዓመት በሌጀርና በቫውቸር መካከል የኖርኩ ሰው ነኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባሳለፍኩት ስንፍናና ባደረግኩት ጥቂት ሙከራ ምክንያት የምለው አንድ ነገር እንዳለኝ ተረዳሁ፤ የምናገረውም እሱን ብቻ ነው።

ብዙዎቻችን 60 ዓመት ሲሞላን ርክክብ ፈጽመን ወጥተናል። እኔም የካዝናውን ቁልፍ፣ ማኅተሙንና የደረሰኝ ጥራዞቹን በዝርዝር አስረክቤ፣ ፈርሜና አስፈርሜ ወጣሁ። ያላስረከብኩት የጠዋት ልማዴን ብቻ ነበር። ለሦስት ወር ያህል ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እየተነሣሁ፣ ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ በረንዳ ላይ እቀመጥና የታክሲውን ሰልፍ እመለከት ነበር። ከዚያ ኮቱ ቀረ፤ ቀጥሎ መላጨቱ ቀረ፤ በመጨረሻም በጊዜ መነሣቱ ቀረ። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይለፈልፋል፤ እኔም አንዱን ዜና ሁለት ጊዜ ሰምቼ ምን እንደተባለ መናገር ያቅተኝ ጀመር። አንድ ቀን የጡረታ አበሌን ላወጣ ሄጄ ኤቲኤሙ ፊት እንደቆምኩ የሚስጥር ቁጥሬ ጠፋብኝ። አራት አሃዝ ናት። የመሥሪያ ቤቴን የሒሳብ መደብ ቁጥሮች በቃሌ እወጣቸው የነበርኩ ሰው፣ ወጣቶች ከኋላዬ ተሰልፈው እያዩኝ፣ ለአራት አሃዝ ላብ በላብ ሆንኩ።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ከመጦር የመጣ ነው። ተጧሪ ማለት ሌላው የሚያበላው፣ የሚያለብሰውና የሚደግፈው ማለት ነውና ክብር አለበት፤ አልነቅፈውም። ይሁን እንጂ ሳናውቀው በተቀባይ ወንበር ላይ ያስቀምጠናል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሽምግልና በባህላችን የሚሰጠን ቦታ ነው። ሽማግሌ ይጠየቃል እንጂ አይጠይቅም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲያከራክር፣ ልጅ ሲዳር እንጠራለን፤ ተናግረን ስናበቃም «ይሁን» ይባልልናል። በሥራ ዘመናችን ያጠራቀምነውን መልስ እየመነዘርን እንኖራለን። መጠየቅ አለማወቅን ማሳየት ስለሆነ፣ አለማወቅ ደግሞ ከሽበት ጋር አይሄድም ብለን ስለምናምን፣ አዲስ ጥያቄ ደፍረን አናነሣም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ከጠመጠምን ሰንብተናልና ተራው ያለፈን ይመስለናል። የዛሬው ክርክሬ ከዚህ ይነሣል፤ በዕድሜያችን ማምሻ አእምሯችንን የሚያላላው ሥራ መፍታታችን ብቻ አይደለም፤ በሰው ፊት ከመሳሳት መሸሻችንም ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ በዳላስ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዴኒስ ፓርክ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆኑ 221 ሰዎችን በቡድን ከፋፈሏቸው። አንዱ ቡድን ቀድሞ የማያውቀውን የዲጂታል ፎቶግራፍ ሥራ፣ ሌላው ቁርጥራጭ ጨርቅ እየቀጣጠሉ የአልጋ ልብስ መስፋትን፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም፣ በሳምንት 15 ሰዓት ያህል ለሦስት ወር እንዲማር ተደረገ። ሌላው ቡድን በዚያው ልክ እየተሰበሰበ እንዲጫወት፣ ፊልም እንዲያይና ሽርሽር እንዲወጣ ተደረገ፤ አዲስ ትምህርት ግን አልተሰጠውም። ቤቱ ሆኖ ሙዚቃ የሚያዳምጥና ቀለል ያለ የቃላት ጨዋታ የሚጫወት ቡድንም ነበር። በመጨረሻ ሲፈተኑ የማስታወስ ችሎታቸው ጎላ ብሎ የተሻሻለው አዲሱንና ከባዱን ነገር ሲማሩ የቆዩት፣ በተለይም ፎቶግራፍ የተማሩት ነበሩ። አብሮ መጫወት ብቸኝነትን ያርቃል፤ ለማስታወስ ግን ብቻውን ያን ያህል አልረዳም።

ይህን ሳነብ የእኛው ዳማ ትዝ አለኝ። ከብሎካችን ሥር ከሰዓት በኋላ ዳማ የሚጫወቱ ወንድሞቼ እዚህ አሉ፤ አይቀየሙኝ። ለስምንት ዓመት እርስ በርስ ከመጫወታቸው የተነሣ አንዱ ቆርኪውን ከማንሣቱ በፊት ሌላው መልሱን ያውቀዋል። ዳማ ክፉ ነው አላልኩም። በኒውዮርክ ብሮንክስ ከ75 ዓመት በላይ የሆናቸው 469 ሰዎች ለዓመታት ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ ሲታተም፣ የሚያነቡ፣ የገበታ ጨዋታ የሚጫወቱ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሚመቱና የሚደንሱ ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በሒሳብ ሹም ዓይን ካየሁት ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ ስለተጫወቱ ነው ጤነኛ የሆኑት፣ ወይስ ጤነኛ ስለሆኑ ነው የተጫወቱት? እንዲህ ያለው ጥናት ብቻውን ይህን አይለይም። ስለዚህ ዳማውን ቀጥሉ፤ ግን አልፎ አልፎ የሚያሸንፋችሁን ሰው ፈልጉ።

ወደ ራሴ ልመለስ። ጠዋት ጠዋት በጄሪካን ወተት ይዘው የሚመጡ፣ ከወዲያ ማዶ ከገበሬዎቹ ቀዬ የሆኑ አንዲት እናት አሉ። አዴ እያልኩ ነው የምጠራቸው። እሳቸው በአማርኛ ያነጋግሩኛል፤ እኔ በእሳቸው ቋንቋ ከሰላምታ በቀር አንድ ቃል አላውቅም ነበር። በእሳቸው አገር ላይ በተሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እየኖርኩ፣ የሰፈሬን ስም ትርጉም እንኳ አላውቅም። አንድ ቀን «ቱሉ ዲምቱ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጣታቸውን ወደ ኮረብታው ቀስረው፣ «ቱሉ ያ ነው፤ ዲምቱ ቀይ ነው» አሉኝ። በየቀኑ የማየውን ኮረብታ የዚያን ቀን ገና ያየሁት መሰለኝ። በ64 ዓመቴ አፋን ኦሮሞ መማር የጀመርኩት ከዚያች ጠዋት ነው።

ጽሕፈቱን የሚያስተምረኝ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጃቸው ነው። ቁቤ የሚባለው የአፋን ኦሮሞ ጽሕፈት በላቲን ፊደል ነው፤ እኔ ደግሞ ላቲኑን በእንግሊዝኛ አውቀዋለሁና ያወቅኩት መሰለኝ። ኤክስ የተባለው ፊደል «ጠ»፣ ሲ የተባለው «ጨ» ሆኖ እንደሚነበብ ሳልሰማ፣ «ጣፊ» የሚለውን፣ ጤፍ ማለት ነው፣ «ክሳፊ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ልጁ ሳቁን በመዳፉ አፍኖ «አባባ፣ ይኼ እንግሊዝኛ አይደለም» አለኝ። አያቱ ግን አላፈኑትም፤ ጄሪካኑን አስቀምጠው ሳቁ። ሌላ ቀን ደግሞ መሬት ለማለት «ለፈ» ማለት ሲገባኝ አናባቢውን ጎትቼ «ላፋ» አልኩ፤ ለስላሳ ማለት ሆነ። ቅቤን «ዸዻ» ለማለት ምላሴን ወደ ላንቃዬ አጥፌ ስታገል አንድ ሳምንት ሙሉ ፈጀብኝ፤ ባለቤቴ ጥርሱን አሞታል ብላ ነበር።

መሥሪያ ቤት የኖራችሁ ሁሉ «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» የሚለውን አነጋገር ታውቁታላችሁ። 36 ዓመት ሙሉ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ በጠረጴዛዬ አላለፈም፤ ቫውቸር ላይ አንድ ቁጥር ተሰርዞ ካየሁ መልሼ እልክ ነበር። አሁን ደብተሬን ብታዩት ከተጻፈው የተሰረዘው ይበልጣል፤ ልጁም በቀይ እስክርቢቶ ያርምልኛል። መጀመሪያ ላይ ደብተሩን ሰው ሲመጣ ከጋዜጣ ሥር እደብቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከቋንቋ አልፎ ወደ ሌላ መራኝ። በዙሪያችን ያሉትን የወንዝ፣ የሜዳና የኮረብታ ስሞች ከአካባቢው አዛውንቶች እየጠየቅኩ መመዝገብ ያዝኩ፤ እስካሁን 60 ያህል ሆነዋል፤ በእርሳስ የሣልኩት ካርታም አለኝ። «ለገ» ወንዝ መሆኑን ባወቅኩ ማግሥት፣ ለገጣፎን ከፈታሁ በኋላ በድፍረት ለገሃርንም ፈታሁት፤ «ሀሮ» ሐይቅ ነውና የሐይቅ ወንዝ ማለት ነው ብዬ በዚሁ ዕድር ቤት ለተቀመጠው ሰው ሁሉ አስረዳሁ። በምድር ባቡር ያገለገሉ አንድ አባት እስክጨርስ ጠብቀው፣ በትሕትና፣ «ላ ጋር ነው እኮ፤ በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው» አሉኝ። ባቡሩን የዘረጉት ፈረንሳዮች እንደነበሩና እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ እንደደረሰ ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሰው ናቸው። አፈርኩ። ግን ያን ቀን ከተማርኩት አንዲቷንም አልረሳሁም፤ ያለ እፍረት ከተማርኩት ብዙውን ረስቻለሁ።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤትን አስቡ። ቅኔ አይደገምም፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይባልም። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ሸብተውም ቢሆን በየዕለቱ አዲስ ሲዘርፉና የደቀ መዛሙርቱን ስሕተት ሲያቀኑ ይኖራሉ። ከሁለት ስንኟ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ስንኙ መወድስ በልኬት፣ በቤት አመታትና በሰምና ወርቅ እየተፈተነ የሚኖር አእምሮ መቼ ዕረፍት አግኝቶ ይዝጋል? እኔ ቅኔ አላውቅም። ግን በየዕለቱ አዲስ የሚጠይቅ እንዲህ ያለ ሥርዓት ከሩቅ አገር ከመጣ ማንኛውም የአእምሮ ማሠልጠኛ የስልክ ጨዋታ ይበልጥብኛል።

እንዲህ ባለ ጊዜ የታላላቅ ሰዎችን ስም መጥራት የተለመደ ነው። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሀዲስ ዓለማየሁ ስማቸው የተጠራበትን ልቦለድ በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ለእኛ የጡረታ ዕድሜ ቀርበው ነበር፤ ሰባውን ካለፉ በኋላም ሌሎች ሁለት ልቦለዶች ጽፈዋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ድርሰቶቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በሲዲ ወጥተው ለዓለም ሲዳረሱ 82 ዓመታቸው ነበር። አከብራቸዋለሁ፤ እንደ ማበረታቻ ሲጠቀሱልኝ ግን ደስ አይለኝም። እነሱ ሙያቸውን ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት የኖሩ ናቸው። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እኛ የምናውቀውን አስረክበን የወጣን ነን፤ ከማናውቀው መጀመር አለብን።

ስለ ጆሮ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ መከላከል ወይም ማቃለል የሚቻሉ፣ ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ ከሕመሙ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገምቷል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ከሰው መገለልና ያልታከመ የዓይን ችግር ከዝርዝሩ ውስጥ አሉበት፤ የመስማት ችግርም አለበት። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳንሰማ «እሺ፣ እሺ» የምንል ስንት ነን? ያልሰማነውን እንደሰማን ሆኖ ማለፍም ከስሕተት መሸሽ ነው። «አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ» ማለት ይልመድብን፤ ካልሆነም ጆሯችንን እንታይ።

ኤቲኤሙን በተመለከተ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ቋንቋ መማር ያድናል ብዬ አልዋሻችሁም። ጠዋት ስነሣ ግን የምጠብቀው ነገር አለኝ፤ ከወተቱ ጋር የሚመጣ የቤት ሥራ አለብኝ።

ስለዚህ ለዕድራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ይህ ቤት ከለቅሶና ከወር መዋጮ ቀን በቀር ተዘግቶ ይውላል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይከፈትልን። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩ አሉን፤ ስፌት የሚሰፉ እናቶች አሉን፤ ፈረንሳይኛ የሚያውቁት የባቡሩ አባት አሉን። ደንባችን አንድ ይሁን፤ ማንም ሰው በሚያውቀው ነገር አስተማሪ የሚሆነው፣ በማያውቀው ነገር ተማሪ ሆኖ ከተቀመጠ ብቻ ነው። እኔ ስፌት ለመማር ተመዝግቤያለሁ፤ እናቶች ከወዲሁ እየሳቁ ነው። ልጁም ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጥቶ ቁቤ ሊያስተምር ፈቅዷል፤ የቤት ሥራ ያልሠራ ሰው ግን እንደማይወድ አስጠንቅቆኛል። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ ላጲስም አትርሱ።

አመሰግናለሁ።