በቴክሳስ 25 ዓመት ተፈረደበት ማለት ስንት ዓመት ይታሰራል ማለት ነው?

ሁለት ሰዎች ቴክሳስ ውስጥ በሕፃን ላይ በፈጸሙት ወንጀል እኩል 25 ዓመት ተፈረደባቸው እንበል። የአንዱ ጉዳይ 12 ዓመት ከመንፈቅ እንደታሰረ ለአመክሮ ይታያል። ሌላው 25ቱንም ዓመት ይጨርሳታል፤ አንድ ቀን አይቀነስለትም። ዳኛው አላዳላም። ነገሩ ያለው ፍርዱ ላይ በተጻፈው የአንቀጽ ቁጥር ነው።

(ስክሪን፦ የፍርድ ወረቀት የመጀመሪያ ገጽ፤ ሁለት ሳጥኖች በቢጫ ተቀልመው)

የቴክሳስ የፍርድ ወረቀት የመጀመሪያ ገጹ በሳጥን በሳጥን የተከፋፈለ ነው። የሁሉም ሰው ዓይን ቶሎ የሚያርፈው የቅጣት ዘመኑ ላይ ነው። እናንተ ግን ሁለት ሳጥን ፈልጉ፦ ጥፋተኛ የተባለበትን አንቀጽና ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቀን።

ከዚያ በፊት አንድ ቃል እናጥራ። ፓሮል አመክሮ ነው፤ የታሰረ ሰው ቀሪ ቅጣቱን ውጭ ሆኖ በክትትል የሚጨርስበት። ፕሮቤሽን ደግሞ ወደ እኛው ገደብ ይቀርባል፤ ወህኒ ከመውረድ ይልቅ የሚሰጥ ነው። ሁለቱም በአማርኛ "አመክሮ" ሲባሉ ይሰማልና አስተርጓሚው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁ። የአገር ቤቱን ስሌትም፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት የሚለውን፣ እዚህ እርሱት።

ቴክሳስ ውስጥ ተራ የሚባል ከባድ ወንጀል የፈጸመ እስረኛ የታሰረበት ጊዜና በመልካም ጠባይ ያገኘው ቀን ተደምሮ የቅጣቱን ሩብ ሲሞላ ለአመክሮ ይደርሳል። በሕፃን ላይ የሚፈጸሙት ዋና ዋና ወንጀሎች ግን እዚህ ውስጥ የሉም። አንቀጽ 22.021፣ ማለትም ከባድ የግብረ ሥጋ ጥቃት፣ አንቀጽ 21.11 በሕፃን ላይ በመንካት የሚፈጸም የብልግና ድርጊት፣ እንዲሁም አንደኛ ደረጃ ተብሎ የሚቀጣው በሕፃን ላይ ጉዳት ማድረስ (22.04) የግማሽ ሕግ አለባቸው። የቅጣቱ ግማሽ ወይም 30 ዓመት፣ ከሁለቱ ያነሰው፤ ቢያንስ ግን 2 ዓመት። የመልካም ጠባይ ቀን አይታሰብም። ከፍርዱ በፊት በካውንቲ እስር ቤት የቆየበት ጊዜ ግን ይቆጠራል። ጠበቆችና እስረኞች ይህን ምድብ በድሮው የሕግ ቁጥር እስከ ዛሬ "ስሪ ጂ" ይሉታል።

አሁን ወደ 25ቱ ዓመት። አንቀጽ 21.02 ከመስከረም 1 ቀን 2007 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ዕድሜው 17 የሞላው ሰው ከ14 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ በ30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጥቃት ከፈጸመ ቅጣቱ ከ25 እስከ 99 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነው። አመክሮ የለውም። 22.021 ራሱ ውስጥም ንዑስ አንቀጽ "ኤፍ" አለች፤ ልጁ ከ6 ዓመት በታች ከሆነ መነሻው 25 ዓመት ይሆናል፣ አመክሮም ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሯን ብቻ ሳይሆን ፊደሏንም አንብቡ።

ሰው የሚሳሳተው የክስ ድርድር ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ በ21.02 የከፈተውን ክስ ወደ ተራው 22.021 ሊያወርደው ይችላል። አንዱ ምክንያት ልጁ ሸንጎ ፊት ቆሞ እንዳይመሰክር ነው፤ ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ግን "25 ዓመት አገኘ" ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ቤተሰብ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የአመክሮ ማሳወቂያ ሲደርሰው ይደነግጣል። ለዐቃቤ ሕጉ መቅረብ ያለበት ጥያቄ "ስንት ዓመት?" ሳይሆን "በየትኛው አንቀጽ? አመክሮ አለው? ከመቼ ጀምሮ?" ነው።

የወንጀሉ ቀን ለምን አስፈለገ? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ቅጣትን ወደ ኋላ ሄዶ ማክበድን ይከለክላል። የግማሹ ሕግ የሚሠራው ከመስከረም 1 ቀን 1993 (ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ ለተፈጸመ ወንጀል ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከ1987 ጀምሮ የነበረው ሩብ፣ ቢበዛ 15 ዓመት ነበር። ዛሬ በቴክሳስ ዋና ከተማ ኦስቲን ላይ ሕግ ቢጠብቅ ትናንት ወንጀል የፈጸመውን አይነካውም።

ጊዜው ደረሰ ማለት ደግሞ ተፈታ ማለት አይደለም። ለተራ እስረኛ ከሦስት ድምፅ ሰጪዎች ሁለቱ ይበቃሉ። በ22.021 ወይም በመንካት በሚፈጸመው 21.11 የተፈረደበት ሰው ግን ሰባቱም የአመክሮ ቦርድ አባላት ድምፅ ይሰጡበታል፤ አምስቱ "ይፈታ" ማለት አለባቸው። ዳግም የመበደል አደጋውን የሚገመግም ሪፖርት ሳይደርሳቸውም ድምፅ አይሰጡም። ከተከለከለ ቀጣዩ ምርመራ በ22.021 ጉዳይ እስከ 10 ዓመት ሊገፋ ይችላል።

የተጎጂው ቤተሰብ ተቃውሞውን በደብዳቤ መላክ፣ ከቦርድ አባል ጋርም መነጋገር ይችላል። ማሳወቂያው የሚሄደው ግን ፋይሉ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። ቤት ቀይራችሁ፣ ስልክ ጥላችሁ፣ ልጁም አድጎ ራሱን ችሎ ከሆነ ለእስር ቤቶች መሥሪያ ቤቱ የተጎጂዎች አገልግሎት ክፍል አሳውቁ፤ ያለዚያ ድምፃችሁ ሳይሰማ ውሳኔው ያልፋል።

(ስክሪን፦ የእስረኛ መፈለጊያ ገጽ፤ ሦስት ቀኖች)

የቴክሳስ እስር ቤቶች ድረ ገጽ ላይ የእስረኛውን ስም ስታስገቡ ለአመክሮ የሚደርስበት፣ ይፈታል ተብሎ የሚገመትበትና ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ የሚያበቃበት ቀን ይወጣሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ ቀን ከሆኑ፣ በመልካም ጠባይ ቀን ምክንያት ቀድሞ በግዴታ የሚፈታበት መንገድ ዝግ ነው።