ፌዘርስቶንሆ ተጽፎ ፋንሾ የሚነበበው ስም

የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በሰሜን እንግሊዝ፣ ኖርዘምበርላንድ ውስጥ፣ ሳውዝ ታይን ከተባለው ወንዝ አጠገብ ፌዘርስቶን የሚባል ቦታ አለ። የዛሬው የቤተሰብ ስም የወጣው ከዚያ ነው። ሙሉው ስም፣ ፌዘርስቶንሆ፣ በእንግሊዝኛ 17 ፊደል ይፈጃል፤ አፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ «ፋንሾ» ብቻ ነው። እኛ የሰማነውን ስለምንጽፍ «ፋንሾ» ብለን እናልፈው ይሆናል። ታሪኩ ያለው ግን አፍ በጣላቸው ፊደሎች ውስጥ ነው።

«ፌዘር» ሲባል የዛሬ እንግሊዝኛ አዋቂ ላባ ይመስለዋል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ቃሉ ከሌላ ጋር ሲጣመር «አራት» ማለት ነበር። «ስቶን» ድንጋይ ነው። የቦታ ስም አጥኚዎች እንደሚፈቱት፣ ሦስት የቆሙ ድንጋዮችና በላያቸው የተጋደመ አራተኛ ማለት ነው። «ሆ» ደግሞ በሰሜኖቹ አነጋገር ወንዝ ዳር ያለ ለጥ ያለ መስክ ነው።

የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ለማወቅ ይህን ስም በመዝገብ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የሚያሳስተው ሌላ ፋንሾ መኖሩ ነው። ፋንሾ ተብሎ የሚጻፈው ቤተሰብ ከደርቢሸር የመጣ፣ የራሱ ምንጭ ያለው ነው፤ ድምፁ ስለገጠመ ብቻ ዘመድ ማድረግ አይገባም። ፌዘርስቶን የሚባሉ ቦታዎችም በዮርክሸርና በስታፎርድሸር አሉ፤ ስለዚህ «ሆ» የሌለው ፌዘርስቶን ሁሉ የኖርዘምበርላንድ ሰው አይደለም።

ፍለጋው ከቅርቡ ወደ ሩቁ ይሄዳል። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት ያለው በየአጥቢያው መዝገብ ይገኛል፤ እነዚህ እንዲያዙ የታዘዘው በ1538 ነው። ጸሐፊው የሰማውን ስለሚጽፍ፣ አንድ ሰው ሲጠመቅ በረጅሙ፣ ሲቀበር በአጭሩ ሊገኝ ይችላል። ስሞችን በድምፃቸው የሚመድበው የሳውንዴክስ ኮድም አያድንም፦ ለረጅሙ አጻጻፍ ኤፍ 362፣ ለፋንሾ ኤፍ 520 ይሰጣል። ሁለቱንም ለየብቻ ፈልጉ።

ፊደሎቹንም ቁጠሩ። በ1747 በሰሴክስ አፕፓርክ የተባለውን ርስት የገዙት ሰር ማቲው ይህንኑ የቤተሰብ ስም በ15 ፊደል ይጽፉ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያው የሥነ ምድር ባለሙያ ጆርጅ ዊልያም (1780–1866) ደግሞ በ16።

እኚህ ጆርጅ ዊልያም በኋላ በፈረንሳይ፣ በሌ ሃቭር፣ የብሪታንያ ቆንስል ሆኑ። በ1848 አብዮት ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ሲሸሹ፣ የቆንስሉ አጎት አስመስለው በመርከብ ወደ እንግሊዝ ያሻገሯቸው እሳቸው ናቸው። ለንጉሡ የሰጧቸው መሸሸጊያ ስም ግን በእንግሊዝ ማንም የማይሳሳተው፣ በየመንደሩ የሞላው ነበር፦ ሚስተር ስሚዝ።