መሃለኛ ዋጋ ያለው የአደን ጠመንጃ ሲመረጥ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አደን ጠመንጃ ነው፤ ስለ ውዱም ስለ ርካሹም ሳይሆን ስለ መሃለኛው። በሰሜን ሸዋ ስለ ጠመንጃ ሐሳብ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ አልቤን እየተባለ በስም የሚቆጠርበት አገር ነው። ጨዋታው ግን ሁልጊዜ ስለ ስሙና ስለ ጥይቱ ጉልበት ነው። እኔ ደግሞ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ወረቀቱን በአጭሩ። የመሣሪያ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚታይ ነው፤ የአደን ፈቃድ ሌላ ነው፣ አንዱ አንዱን አይተካም። የመንዝ ጓሳን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በጠመንጃ ወሬ ውስጥ ጨርሶ አታስገቧቸው።

በርሜሉ ብዙ አያስጨንቃችሁ። የፊንላንዱ ቲካ፣ የጃፓኑ ሆዋ፣ የሰርቢያው ዛስታቫ፣ ጤነኛ ከሆኑና ጥይቱ ከተስማማቸው በ100 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ክብ ውስጥ ያሳርፋሉ። ከዚያ ወዲያ የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ነው።

እንጨቱን ግን እዩ። አንድ የብር ኖት በበርሜሉና በእንጨቱ መሃል አስገቡና ከፊት ወደ ኋላ ጎትቱት። ከያዘ እንጨቱ በርሜሉን ነክቷል ማለት ነው። በደብረ ብርሃን ክረምት እንጨት እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ በርሜሉን ይገፋል፤ ግንቦት ላይ የተስተካከለው ጠመንጃ ነሐሴ ላይ ወደ ጎን ይመታል። ሰውም ጠመንጃው ላይ የታሰረውን የማነጣጠሪያ መነጽር ይወቅሳል። ፕላስቲኩ አያብጥም፤ ግን ርካሹ ይለመጣል። ፊቱን በእጅ ጨምቁት፣ በርሜሉን ከነካ ድንጋይ ላይ ስታስደግፉትም ይነካል።

ቁመቱም አለ። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ብዙዎቹ ከ34 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ የተለኩት በሸሚዝ ነው። የመንዝ በርኖስ ደርቦ ለሚተኩስ ሰው ሰደፉ ብብቱ ላይ ይያዛል። እንግዲህ ሱቅ ስትሄዱ የምትለብሱትን ለብሳችሁ ሂዱ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቃታው የሚሳብበት ክብደት ከ1.2 እስከ 1.8 ኪሎ ቢሆን ጥሩ ነው። ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፣ አፈሙዙን ወደማያሰጋ አቅጣጫ አዙሩ፣ አቀባብሉ፣ መጠበቂያውን ዝጉ፣ ቃታውን ሳቡና ልቀቁ። ከዚያ ቃታውን ሳትነኩ መጠበቂያውን ክፈቱ። ቀጭ ካለ አትግዙት፤ ዋጋ ቢቀንስም አትግዙት።

ቤልጅግን የሚወድ ሰው ምክንያት አለው። የጀርመኑ ጠመንጃ የማውዘር ዘር ነው፤ ቀለሁን ይዞ የሚያወጣው ረጅም ጥፍር አለው። ዛስታቫ ኤም 70 ላይም ያ ጥፍር አለ። የቲካና የሆዋ ጥፍር ትንሽ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ከተያዘ በደንብ ይሠራል። ለጭቃና ለአቧራ ግን እኔ ትልቁን እመርጣለሁ።

ጥይቱ? 308 የሚባለው ዓይነት ይበቃል። 30-06 ትንሽ ይበልጠዋል፣ ግን ሦስት ኪሎ በማይሞላ ጠመንጃ ላይ ይራገጣል፤ የሚራገጥ ጠመንጃ የያዘ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቃታውን ይነጥቃል።

የተረፈውን ገንዘብ መነጽሩና ማሰሪያው ላይ አውሉት። ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ በቂ ነው። መነጽሩን የሚይዙትን ቀለበቶች ብሎን 2 ኒውተን ሜትር ገደማ አጥብቁ፤ ከዚያ ካለፈ ቱቦው ይጨፈለቃል። ምቱ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ከቀለበቱ በታች ያለው የመቀመጫው ብሎን ነው፣ እሱን ማንም አያየውም። ዓይናችሁ ከመነጽሩ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ካልሆነ ቅንድብ ይሰነጠቃል።

መነጽሩን ማስተካከል በ25 ሜትር ጀምሩ። በብዙ መነጽሮች ማስተካከያው ሲዞር የምትሰማው አንዷ ቀጭታ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ስትሆን በ25 ሜትር ሁለትም አትሞላም፤ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከመታ 22 ቀጭታ ገደማ ነው። በ308 በ25 ሜትር መሃሉን ከመታ በ100 ሜትር ላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ የመጨረሻውን እዚያ ጨርሱ፣ በየሦስት ጥይቱ በርሜሉ ይብረድ።

ለኅዳርና ለታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ወፍራም ግራሶ ማቀባበያው ውስጥ አታስገቡ። ሲበርድ ይረጋና የጥይቱን ቂጥ የሚመታውን መርፌ ያዘገየዋል፤ ጥይቱ ይከሽፋል። ቀጭን ዘይት፣ እሱንም ጠርጋችሁ። ከብርድ ሲገባ ምድጃ አጠገብ አታቁሙት፣ ላብ ያወጣል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ይደር፤ ጥይቱ ለብቻው።