በገዛ ከተማዬ እንግዳ ሆኜ

ውድ ተመራቂዎች፣ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ልታዩ የመጣችሁ ቤተሰቦች፤ እንደምን ዋላችሁ።

መጀመሪያ እውነቱን ልናገር። እኔ አስጎብኚ አይደለሁም። የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ይህን የአስጎብኚዎች ሥልጠና ከሚያስተባብሩት አንዱ ጓደኛዬ ነው። "ና አንድ ነገር ንገራቸው" ሲለኝ "ምን አውቄ?" አልኩት። "ከፍለህ ጎብኝተህ የለም እንዴ? ያየኸውን ንገራቸው" አለኝ። ስለዚህ ዛሬ የሚያናግራችሁ ደንበኛ ነው። የከፈለ፣ እሺ፣ የተከፈለለት፣ የበላ፣ የቀመሰ፣ ትንሽም የተናደደ ደንበኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሽንግተን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት መጣች። የሥራ ባልደረባዋን ይዛ ነው የመጣችው፤ ሜክሲኳዊት ናት፣ ኦአሃካ ከሚባለው ግዛት። ሁለቱ ገና አሜሪካ ሳሉ የአዲስ አበባን የመንገድ ዳር ምግብና የአረቄ ቅምሻ ጉብኝት በስልካቸው ይዘው ኖሯል። በእግር፣ አራት ሰዓት የሚፈጅ፣ ከፒያሳ የሚነሳ። "ላንተም ከፍያለሁ" ስትለኝ ደሜ ፈላ። ጉለሌ ተወልጄ ያደግኩ፣ እርጥብ እየበላሁ ትምህርት የጨረስኩ ሰውዬ፣ በገዛ ከተማዬ በአስጎብኚ ልመራ? ግን የአክስት ልጅ ናት። ሄድኩ።

ሰባት ሰዎች ነበርን። አስጎብኚው ወጣት ነው፣ ቀልጣፋ፣ እንግሊዝኛው ያስቀናል። ከፒያሳ ተነሳን ስል ከቀረው ፒያሳ ማለቴ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙው መንደር ፈርሷል፤ እኔ የማውቃቸው ሻጮችም ተበትነዋል። እናንተ ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ "ሰዎቹ የት ሄዱ?" የሚለው ይመስለኛል። አሮጌ ካርታ ይዞ የሚያስጎበኝ ሰው ባዶ ሜዳ ያሳያል።

የመጀመሪያው ማረፊያ እርጥብ ቤት ነበር። ዳቦው ተሰንጥቆ፣ ድንች ታጭቆበት፣ በርበሬው ተለቅልቆበት በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። ስንት ዓመቴ ነው እንደዚያ ቆሜ ከበላሁ! አሁን የምበላው ቢሮ ውስጥ፣ በሳህን ነው። ሜክሲኳዊቷ አንዱን ጨርሳ ሌላ አዘዘች። በርበሬው አልበቃት ብሎ ቃሪያ አስጨመረች። ሻጩ ልጅ በአድናቆት አያት፤ ከዚያ በኋላ እኛ ሌሎቻችን ለእሱ አልነበርንም።

ቀጥሎ ፓስቲና ቦምቦሊኖ። እዚህ ጋ አንዱ እንግዳ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። "ምግቦቻችሁ ለምን የጣሊያን ስም አላቸው?" አስጎብኚው አላፈረም፣ አልሸሸም። ቦምቦሊኖው፣ ፓስታው፣ ማኪያቶው፣ ፒያሳና መርካቶ የሚሉት ስሞች ራሳቸው ከጣሊያን ጋር እንደመጡ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወራሪ ሲባረር ምጣዱና ቡና ማሽኑ እንደቀሩ በሁለት ደቂቃ አስረዳ። ከዚያ "ማሽኑ የእነሱ፣ ቡናው የእኛ ነው" ሲል ሁሉም ሳቀ። እዚህ ላይ አደነቅኩት። ጥሩ አስጎብኚ ማለት ይኸው ነው፤ አጭር፣ እውነት፣ አፍ ውስጥ ያለውን ምግብ ሳያስተጓጉል።

ከዚያ ተበላሸ።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። በፕሮግራሙ መሠረት ሦስተኛው ማረፊያ ሥጋ ቤት ነው። ሄድን፤ ዝግ ነው። አስጎብኚው "ፕሮግራሙን የሚያወጣው ቢሮው ነው" አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ዋሽንግተን ሆና እንኳ ረቡዕና ዓርብን አትፈታም። ሌላ ክፍት ሥጋ ቤት ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ስንዞር እሷ ከኋላ እየተከተለች ትስቃለች። እኔን የገረመኝ ይህ ሁሉ ፍለጋ ለምን እንዳስፈለገ ነው። የከተማችን የመንገድ ዳር ምግብ እኮ አብዛኛው የጾም ነው! እርጥቡ፣ የምስር ሳምቡሳው፣ ቆሎው፣ የበቆሎ ጥብሱ፣ ቅቅል ድንቹ፣ ስፕሪሱ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሲጾም ይህ ምግብ አይቆምም። ሥጋ የማይበላ ፈረንጅ ስንት አለ! ረቡዕን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ዕድል ብታዩት ምን አለበት? ሥጋ ስታበሉ ደግሞ ቤቱ የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም ሳታጣሩ ማንንም አታስገቡ። እንግዳው ሐበሻ ሲሆንማ በጣም።

ስለ መጸዳጃ ቤት አንድ ነገር ብቻ። አራት ሰዓት መጠጥ እያጠጣችሁ ነው። አስቡበት።

ጠጅ ቤት ገባን። ብርሌው ሲመጣ ሁሉም ስልኩን አወጣ። አስጎብኚው ስለ ነገሥታት ግብር ቤት ማውራት ጀመረ። ጥሩ ነው፣ ግን አሳላፊዋ ከአጠገባችን ቆማ "ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ?" እያለች ትጠብቃለች። ማንም አልሰማትም። ጠጅ በማር፣ በውሃና በጌሾ እንደሚጣል፣ በቆየ ቁጥር ማሩ እየተበላ እየደረቀ እንደሚሄድ ለማስረዳት ከእሷ ጥያቄ የተሻለ መግቢያ የት ይገኛል? ሦስቱን በሦስት ብርሌ አስመጥቶ ማዞር ነው። የማይጠጣ እንግዳ ካለ ብርዝ አለለት። ስኳር የበዛበት ጠጅ ከማር ጠጅ በምን እንደሚለይም ጠይቋት፤ ከንጉሡ ታሪክ ይልቅ እንግዳው አገሩ ገብቶ የሚያወራው ያንን ነው።

ወደ አረቄው ልምጣ። ዛሬ የመጣሁትም ለእሱ ነው።

ቤቱ ምልክት የለውም። ጠላ ቤት ቢሆን ቆርቆሮ በእንጨት ላይ ተደፍቶ ታያላችሁ፤ አረቄ ቤት ግን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚገባው። ዝቅ ያለ በር፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ አራት ሽማግሌዎች። እኛ ሰባት ሰዎች ስንገባ ሽማግሌዎቹ ተነስተው ቦታ ለቀቁልን። ውጭ ቆመው ጠጡ። ይህን አስጎብኚው አላየም። እኔ አይቼ ዝም አልኩ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ልጁ አምስት ዓይነት አስቀረበ። ተራውን፣ ዳግሙን፣ የማር አረቄውን፣ የኮሶውን፣ ሌላ አንድ ቀለም የገባበት። እያንዳንዱን በአንድ መለኪያ፣ በአንድ ትንፋሽ! ከሥጋ ቤቱ ፍለጋ በኋላ ሁላችንም ሆዳችን ባዶ ነው። ዳግም አረቄ ማለት እኮ የወጣው እንደገና የወጣ ነው፤ ወደ 45 በመቶ አልኮል የሚጠጋ። አራተኛው ላይ አንዱ ወጣት እንግዳ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አልተነሳም። ጉብኝቱ ለእሱ እዚያው አበቃ።

ኦአሃካዊቷ ግን መለኪያውን እንደያዘች ነው። ከንፈሯን ብቻ ታስነካለች፣ ታሸታለች፣ ትመልሳለች። እኛ አገር ሜስካል እንዲህ ነው የሚጠጣው አለች፤ "ይሳማል እንጂ አይጨለጥም።" ሜስካል የእነሱ አረቄ ነው። አጋቬ ከሚባል ተክል፣ ከኛ ቃጫ ዘመድ፣ ልቡ ተጠብሶ፣ ተብላልቶ ይወጣል። ከዚያ ለአክስቴ ልጅ አንድ ጥያቄ አቀበለቻት። "ማን ነው ያወጣው?"

አስጎብኚው "ባህላዊ ነው" አለ። "ማን?" አለች እንደገና። ልጁ ስለ ደብረ ብርሃንና ስለ አርሲ ነገሌ ማስረዳት ጀመረ። ልክ ነው፣ ሁለቱም በአረቄ የታወቁ ናቸው። እሷ የጠየቀችው ግን ስለ አገር አይደለም።

ቅድም አረቄውን የቀዱልን እናት ጥግ ላይ ቆመው ነበር። እኔ ዞር ብዬ "እትዬ፣ ይሄን ማን ነው ያወጣው?" አልኳቸው። "ማን ያወጣዋል? እኔ ነኛ!" አሉ። ከዚያ የኦአሃካዊቷን እጅ ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷት። ተከተልን።

ጓሮው ጢስ ነው። ድፍድፉ በእንስራ እሳት ላይ ተጥዷል። ከአፉ መቃ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ይወርዳል። እትዬ ብቅሉን አሳዩዋት፣ የጌሾውን ቅጠል አሸተቷት። እሳቱ ከበረታ እንደሚያር፣ ከላላ እንደማይወርድ በእጃቸው ነገሯት። ሴትዮዋ እንባ እንባ አላት። በእነሱም አገር አንዳንድ መንደሮች ዛሬም ሜስካልን የሚያወጡት በሸክላ ማሰሮ ነው፤ ቧንቧው ሸምበቆ ነው። ሁለቱ በአንድ ቋንቋ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ግማሽ ሰዓት አወሩ። የአክስቴ ልጅ አስተርጓሚ ሆና ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። አላስፈለገችም። አስጎብኚያችን ሰዓቱን ያያል። ሁለት ማረፊያ ቀርቶታል።

በኋላ ሜክሲኳዊቷ እንደነገረችኝ ሜስካል ከ1994 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በሕግ የተጠበቀ የመነሻ ስም አለው። ጠርሙሱ ላይ የተክሉ ዓይነትና ግዛቱ ይጻፋል። ብዙዎቹ ላይ መንደሩና የሠሪው ስም አለ። የእኛ በጄሪካን ይመጣል፣ በአሮጌ የውሃ ፕላስቲክ ይሸጣል።

"ማን ነው ያወጣው?" የሚለው ጥያቄ ለክብር ብቻ አይምሰላችሁ። ለሕይወትም ነው። ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል የተደባለቀበት መጠጥ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ብዙ ሰው በክብሪት ለኩሶ ሰማያዊ ከነደደ ንጹሕ ነው ይላል። አይደለም፤ ሜታኖልም ይነዳል። በምላስም አይለይም። ያላችሁ መከላከያ አንድ ነው፤ ያወጣችውን ሴት ማወቅ፣ ድፍድፏን ማየት፣ ምንም እንደማትጨምርበት ማወቅ። ከሦስተኛ ሰው የተገዛ፣ መነሻው የማይታወቅ ጄሪካን ለእንግዳ አትቅዱ። ዕድሜም ጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል አይሸጥም፤ ፈረንጅ መሆኑም አያስፈቅድለትም።

ስለ ኮሶ አረቄውም አንድ ልበል፤ አስጎብኚያችን "ጥሬ ሥጋ ላይ ይህን ከጠጣችሁ ሁሉን ይገድላል" ብሏቸዋልና። እባካችሁ ይህን አትበሉ። ኮሶ ትሉም ነው፣ መድኃኒቱም ነው። አያቶቻችን የዛፉን አበባ ጠጥተው ትሉን ያወጡ ነበር፤ ያም እንደ ቀልድ የሚጠጣ አልነበረም። መለኪያ አረቄ ውስጥ የገባ ኮሶ ለመራራነቱ ነው። ትል ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ይሂድ። እውነተኛው ታሪክ በራሱ ይጣፍጣል፤ ለምን ውሸት እንጨምርበታለን?

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወደዚያ ቤት ተመልሻለሁ። ብቻዬን። ሽማግሌዎቹ አሁን ሲያዩኝ ጠጋ ይሉልኛል እንጂ አይነሱም። ለእናንተ ንግግር እንደማደርግ ለእትዬ ነገርኳቸውና "ስምዎትን ልጥራ?" አልኳቸው። እኔ በልቤ ትልቅ ነገር ያደረግኩላቸው መስሎኛል። እሳቸው ቆጣ አሉ። "ስሜን ምን ያደርግልሃል? ግብር ሰብሳቢ ልታመጣብኝ ነው?" ስለዚህ ስማቸውን አልጠራም። ቤታቸውንም አልናገርም። እናንተም ስም ከመጥራታችሁ በፊት ጠይቁ። ፎቶ ከማንሳታችሁም በፊት። ሰባት ሰው ይዛችሁ ከመግባታችሁም በፊት፤ ምናልባት አራት ይበቃል፣ ምናልባት ሽማግሌዎቹ የሌሉበት ሰዓት ይሻላል። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ፕሮግራም የሚያወጣው ቢሮ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። "እነዚያ ፈረንጆች ለዚያ ልጅ ስንት ከፈሉት?" እውነቱን ነገርኳቸው፤ በነፍስ ወከፍ በዶላር፣ ከዚያ በብር ቀየርኩላቸው። ባንክ ነው የምሠራው፤ ምንዛሬውን አልሳትኩም። ያን ዕለት ለእሳቸው የተከፈላቸው የሁላችንም ሒሳብ ተደምሮ የአንዱን ሰው ክፍያ አንድ አሥረኛ አይሞላም።

እትዬ ዝም አሉ። ጠርሙሱን አነሱ፣ መለኪያዬን እስከ አፉ ሞሉት። "ልጁን ንገረው" አሉ፣ "ሲመጣ ቆሎ ይዞ ይምጣ። በባዶ ሆድ አያጠጣብኝ።"